ዝም ያለ ቤት ሁሉ ሰላም ያለው ቤት አይደለም



ከባለቤቴ ጋር በአገልግሎት ባሳለፍናቸው ዓመታት ብዙ ባለትዳሮችን አነጋግረናል። የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ሲመጡ ችግራቸው ፊት ለፊት ይታያል። ከባዱ ሌላ ነው። “እኛ ቤት ጭቅጭቅ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ሰላም ነው” ይሉናል። ነገር ግን በዚያ ቤት አንድ ስም ወይም አንድ ዘመን ሲነሳ ሁሉም ወደ ሳህኑ ያቀረቅራል። ልጆቹ ምን መጠየቅ እንደሌለባቸው ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ። እንዲህ ያለው ቤት ሰላም አለው ማለት ይቻላል? ወይስ ዝም ብቻ ነው ያለው?

ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት በእንደዚህ ያለ ዝምታ ውስጥ ስላደገ አንድ ትውልድ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር ስላደጉ ልጆች ማለቴ ነው። ነገሩ ሩቅ አገር ቢሆንም እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ እንድትቆዩ እለምናችኋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦማ

ባለቤቴ በፍራንክፈርት ከተማ የኢትዮጵያውያንን ጉባኤ እንዲያገለግል በተጠራ ጊዜ ስድስት ዓመት እዚያ ኖረናል። ጉባኤያችን የራሱ አዳራሽ ስላልነበረው እሑድ ከሰዓት በኋላ የአንድ ጀርመን ቤተ ክርስቲያንን አዳራሽ እንጠቀም ነበር። የአዳራሹን ቁልፍ የሚይዙት በሰባዎቹ ዕድሜ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። ልጆቻችን “ኦማ” ይሏቸው ነበር፤ በጀርመንኛ አያት ማለት ነው። እኛም ትልልቆቹ ከልጆቹ ተቀብለን ኦማ አልናቸው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ጠይቀውኛል፤ ታሪካቸውን ግን “የሚጠቅመው ሰው ካለ ጻፊው” ብለው ፈቅደውልኛል።

ኦማ ከሁሉ ነገራችን የሚያስደንቃቸው እናቶቻችን ልጅ ማዘላቸው ነበር። አንድ ቀን አንዲት እኅት የሚያለቅስ ሕፃኗን አዝላ እሹሩሩ ስትል አይተው፣ “እኛ ስናለቅስ በር ነበር የሚዘጋብን” አሉኝ። እንደ ቀልድ የሰማሁት ነገር እውነት ነበር። ዮሐና ሃረር የምትባል ሐኪም በ1934፣ በናዚ ዘመን፣ ለእናቶች የጻፈችው መጽሐፍ በመላው አገር ተነቦ ነበር። ሕፃን ሲያለቅስ ቶሎ አታንሱት፣ ለብቻው ክፍል አስተኙት፣ አታሞላቅቁት የሚል ምክር ነበረበት። ከጦርነቱ በኋላ የናዚን ቃላት ብቻ አውጥተው መጽሐፉን ማተም ቀጠሉ። እስከ 1987 ድረስ ይታተም ነበር፤ በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሰራጭቷል። እንግዲህ የዚያ ዘመን ልጅ አፉን ሳይፈታ ገና፣ የልብን ነገር ማውጣት ዋጋ እንደሌለው ይማር ነበር ማለት ነው።

ሁለት ዝምታ በአንድ ቤት

ኦማ የተወለዱት በ1940 በብሬስላው ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ የፖላንድ ስትሆን ስሟም ቭሮትስዋፍ ነው። በጥር 1945 የሶቪየት ጦር ሲቃረብ ሴቶችና ልጆች ከተማውን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ብርዱ ከባድ ነበር፤ ብዙዎች በበረዶ ላይ በእግራቸው ሄዱ። ከየመንገዱ ያልተመለሱት ሕፃናት ብዙ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የኦማ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ዓመት አልሞላውም። ከምሥራቅ ከሸሹትና በኋላም ከተባረሩት 12 ሚሊዮን ያህል ጀርመናውያን ጋር እናትና ልጅ ወደ ምዕራብ መጥተው በፍራንክፈርት አጠገብ ባለች መንደር ሰፈሩ።

“እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድሜን ስም አልጠራችም” አሉኝ ኦማ። “እኔም ወንድም እንደነበረኝ እርግጠኛ ያልሆንሁባቸው ዓመታት አሉ። ሕልም ይሆን ብዬ አስብ ነበር።”

አባታቸው ከሶቪየት ምርኮ የተመለሱት በ1949 ነው። የመጨረሻዎቹ ምርኮኞች ወደ አገራቸው የገቡት በ1956 መጀመሪያ ስለሆነ እኒህ ቀድመው ከተመለሱት ይቆጠራሉ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ በሩ ላይ የቆመውን ቀጭን ሰው አላወቀችውም። ሰውዬው ባቡር ሥራ ገቡ፤ ደመወዛቸውን ለቤታቸው አመጡ፤ የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ እንዲጣል አይፈቅዱም ነበር። ስለ ጦርነቱ ግን አንድ ቃል አይናገሩም። የገና ዕለት መዝሙር ሲዘመር ተነስተው ይወጣሉ። ለምን? ማንም አልጠየቀም።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በዚያ ቤት የነበረው ዝምታ አንድ ዓይነት አልነበረም። የእናት ዝምታ የኀዘን ዝምታ ነው፤ ቁስሉ ስለሚጠዘጥዝ አይነካም። የአባት ዝምታ ግን ምን እንደነበረ ልጅቷ አታውቅም። ያዩት ነገር ነው? የደረሰባቸው ነገር ነው? ወይስ ያደረጉት ነገር? ሦስቱም በአንድ ሰው ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ጀርመኖች የደረሰባቸውን መከራ ስንናገር ጦርነቱን የጀመረው ማን እንደሆነና 6 ሚሊዮን አይሁድ በማን እጅ እንዳለቁ መርሳት የለብንም። የተበደለ ሰው ዝም ሲል ልናጽናናው ይገባል። የበደለ ሰው ዝም ሲል ግን ዝምታው ሁለተኛ በደል ይሆናል። በጀርመን ቤቶች ውስጥ ሁለቱ ዝምታዎች በአንድ ብርድ ልብስ ተሸፍነው ይኖሩ ስለነበር ልጆች የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቅቷቸው ነበር።

አገር ሙሉ ሲዘጋው

ቤተሰብ ብቻውን አልነበረም ዝም ያለው። በጦርነቱ መጨረሻ የናዚ ፓርቲ 8.5 ሚሊዮን ያህል አባላት ነበሩት። አሸናፊዎቹ አገሮች ማን ምን እንደሠራ ለማጣራት 131 ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ አዘጋጅተው በሰፊው አስሞሉ። ሰዉ ደግሞ “እገሌ መልካም ሰው ነው፤ በልቡ ናዚ አልነበረም” የሚል የምስክር ወረቀት ከጎረቤቱ፣ ከአለቃው፣ ከቄሱ ማሰባሰብ ጀመረ። ሕዝቡ ራሱ ለዚህ ወረቀት ስም አወጣለት፤ በታወቀው የልብስ ሳሙና በፐርሲል ስም “የፐርሲል ወረቀት” አለው። የቆሸሸውን የሚያነጻ ማለታቸው ነው። የወንጌል አገልጋዮችም ይህን ወረቀት በብዛት ጽፈዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራ መጣ። የፈረሰው ከተማ መሠራት ነበረበት። በሰኔ 1948 አዲስ ገንዘብ ወጣ፣ ፋብሪካ ተከፈተ፣ ቤት ተሠራ፣ መኪና ተገዛ። ኦማ እንደሚሉት ትምህርት ቤት የታሪክ ክፍለ ጊዜ ከ1933 በፊት ያበቃ ነበር፤ ያን ዓመት ሂትለር ሥልጣን ያዘ። “መምህራችን ራሱ የት እንደነበረ ማን ያውቃል?” አሉኝ።

ሥራ በራሱ መልካም ነው። ግን ለመርሳት የሚሠራ ሥራም አለ፤ እጅ እየሠራ ልብ ይዘጋል።

ሁለት ግድግዳ

ዳን ባርኦን የሚባል እስራኤላዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነበር። ወላጆቹ በ1933 ከሃምቡርግ ሸሽተው ሃይፋ የገቡ አይሁድ ናቸው፤ እርሱም በ1938 እዚያ ተወለደ። ይህ ሰው በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ጀርመን ሄዶ በናዚ ዘመን ግፍ የሠሩ ሰዎችን ልጆች እየፈለገ አነጋገረ። በ1989 ያወጣው መጽሐፍ ስለዚሁ ዝምታ ነው። ከታዘበው ነገር አንዱ በቤታቸው ሁለት ግድግዳ መኖሩ ነው። ወላጅ ላለመናገር ግድግዳ ይሠራል። ልጅ ደግሞ ላለመስማት ከዚያ ወዲህ የራሱን ግድግዳ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ቀን አንደኛው ወገን መስኮት ቢከፍት የሚያገኘው የሌላውን ግድግዳ ነው።

ይህን ለኦማ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ሁለት ቀኖች አጫወቱኝ።

የመጀመሪያው ከታኅሣሥ 1963 በኋላ ነው። በዚያ ወር በፍራንክፈርት ከተማ በአውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ያገለገሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ቀረቡ። ነገሩን የገፉት ፍሪትዝ ባወር የሚባሉ የክፍለ አገሩ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፤ እርሳቸውም በናዚ ዘመን ታስረው በኋላ ወደ ውጭ የሸሹ አይሁዳዊ ናቸው። ችሎቱ እስከ ነሐሴ 1965 ቆየ። ከ350 በላይ ምስክሮች ቀረቡ፤ ከእነርሱ ከ200 በላይ ከካምፑ በሕይወት የተረፉ ነበሩ። ጋዜጦች በየጊዜው ይጽፉ ነበር። አንድ ምሽት አባት ጋዜጣውን ሲያጥፉ ሴት ልጃቸው ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። “ሊናገር ነበር ብዬ አምናለሁ” አሉ ኦማ። “እናቴ ግን ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ። እኔም ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርሁ።” የ23 ዓመት ወጣት ነበሩ።

ሁለተኛው በጥር 1979 ነው። “ሆሎኮስት” የተባለ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም በምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን ታየ። ስለ አንድ የአይሁድ ቤተሰብ ነበር፤ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳየው ይገመታል። በየቤቱ ልጆች ጥያቄ ይዘው ተነሡ። የኦማ ልጅ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በእሑድ ምሳ ላይ፣ “አያቴ፣ አንተ ያኔ የት ነበርህ?” አለ። ሽማግሌው ሹካቸውን አስቀምጠው ወጡ። ልጁም ዳግመኛ አልጠየቀም። ከአምስት ዓመት በኋላ አያቱ ሞቱ።

ውድ አንባቢ፣ ወላጆች ዝም ካሉ ልጆች ባዶ ሆነው የሚቀሩ ይመስላችኋል? አይቀሩም። ባዶውን በራሳቸው ይሞሉታል። ሃራልድ ቬልሰር የሚባሉ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር 40 ቤተሰቦችን፣ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ፣ አነጋግረው በ2002 መጽሐፍ አሳተሙ። የልጅ ልጆች ብዙውን ጊዜ አያቶቻቸው ያልተናገሩትን የጀግንነት ታሪክ ፈጥረው ሲናገሩ አገኟቸው። አያት ከነገሩት ይልቅ የልጅ ልጅ የሚያወራው ያማረ ነበር። ይህ ውሸት ለመናገር ብለው ያደረጉት አይደለም፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ልጅ የሚወደውን ሰው ንጹሕ አድርጎ ማየት ይፈልጋል። ዝምታ እንግዲህ እውነትን መደበቅ ብቻ ሳይሆን ሐሰትንም ያሳድጋል።

ባልና ሚስትም

የሚገርመው፣ ኦማ ከዚህ ሁሉ በኋላ ያገቡት ሰው እንደ እርሳቸው ያለ ሰው መሆኑ ነው። ባለቤታቸው የፍራንክፈርት ልጅ ናቸው። በመጋቢት 1944 የከተማዋ አሮጌው ክፍል በአውሮፕላን ድብደባ ሲቃጠል የሰባት ዓመት ልጅ ሆነው ምድር ቤት ውስጥ ተደብቀው ነበር። ይህን ግን ሚስታቸው አያውቁም ነበር። የሚያውቁት ባላቸው በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሕዝቡ ርችት ሲተኩስ፣ “ወይን ላመጣ” ብለው ወደ ምድር ቤት ወርደው አንድ ሰዓት እንደሚቆዩ ብቻ ነው። “ከእኔ ጋር ማክበር አይፈልግም ብዬ በየዓመቱ አዝን ነበር” አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል አዘኑ። እርሳቸውም በበኩላቸው በረዶ በዘነበ ቁጥር ለምን እንደሚከፋቸው ለባላቸው ተናግረው አያውቁም።

ሁለት የቆሰሉ ልጆች በአንድ አልጋ ሠላሳ ዓመት ተኝተው፣ አንዱ የሌላውን ቁስል እንደ ጥላቻ ቆጠረው። ባልና ሚስት ሆይ፣ የትዳር ጓደኛችሁ ሳይወዳችሁ ቀርቶ ነው ብላችሁ የምታዝኑበት ነገር ምናልባት እናንተን የማይመለከት የቆየ ፍርሃት ይሆን? አንዳንድ ጊዜ በሚስትና በባል መካከል የቆመው ነገር ከመተዋወቃቸው በፊት የሆነ ነገር ነው።

በመጨረሻ በሩን የከፈተው አንድ ተራ ጥያቄ ነው። አንድ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ኦማ ተከትለው ወርደው ከጎናቸው ተቀመጡና፣ “እዚህ ምን ይሰማሃል?” አሏቸው። “ለምን ትተወኛለህ?” አላሉም። ሰውዬው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ዋዜማውን ምድር ቤት አብረው ያሳልፉ ነበር፤ ወይኑንም እዚያው ይጠጡት ነበር ብለው ሳቁ።

ቤተ ክርስቲያንስ ምን አለች?

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስንማር ስለ ጀርመን የምናውቀው ጀግኖቹን ነበር። በ1934 በባርመን የወጣውን የእምነት መግለጫ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1945 በፍሎሰንቡርግ ካምፕ የተሰቀለውን ዲትሪክ ቦንሆፈርን፣ በካምፕ የታሰረውን ማርቲን ኒሞለርን እናነሳ ነበር። እነርሱ ግን ጥቂቶች ነበሩ።

ጦርነቱ ባበቃ በአምስተኛው ወር፣ በጥቅምት 1945፣ አሥራ አንድ የጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መሪዎች በሽቱትጋርት ከተማ ተሰብስበው በደላቸውን በጽሑፍ ተናዘዙ። ኒሞለር አንዱ ነበር። ስምንት ዓመት ያህል የታሰረ ሰው “እኔ ንጹሕ ነኝ” ማለት ሲችል “እኛ በድለናል” ከሚሉት ጋር ቆመ። የምዕመናኑ ምላሽ ግን በአብዛኛው ቁጣ ነበር። “እኛ ተርበን፣ ቤታችን ፈርሶ፣ ደግሞ እኛው በዳዮች?” አሉ። ኒሞለርም እየዞረ ስለ በደል ሲሰብክ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል። ያ ኑዛዜ ራሱ ጎደሎ ነበረው፤ በአይሁድ ላይ የተፈጸመውን በስም አልጠራም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በሲኖዶስ ደረጃ በአይሁድ ላይ ስለሆነው በደል የተናገረችው በሚያዝያ 1950 በበርሊን ቫይሰንዜ ነው። በ1958 ደግሞ ሎታር ክራይሲግ የሚባሉ ዳኛና ክርስቲያን ወጣቶች በጀርመን ወደ ተበደሉ አገሮች ሄደው በጉልበታቸው እንዲያገለግሉ ጥሪ አቀረቡ። ወጣቶቹም ሄዱ፤ ከ1961 ጀምሮ ወደ እስራኤልም ጭምር።

ይህን ስመለከት የያዕቆብ ልጆች ትዝ ይሉኛል። በዘፍጥረት 37 ወንድማቸውን ሸጠው፣ በደም የተነከረውን ልብስ ለአባታቸው አሳይተው፣ ከዚያ ሊያጽናኑት ተሰበሰቡ። ከሃያ ዓመት በላይ ከሚያለቅስ አባት ጋር በአንድ ማዕድ በሉ። የሚያውቁትን አንዳቸውም አልተናገሩም። ዝምታው የተሰበረው በግብፅ ምድር፣ በጭንቅ ቀን ነው፤ ዘፍጥረት 42፥21 ላይ የወንድማቸውን ልመና እንዳልሰሙ እርስ በርሳቸው ሲናዘዙ እናገኛቸዋለን። ያ ቤት በውጭ ሲታይ ሰላም ነበር፤ ጭቅጭቅ የሚባል ነገር አይሰማበትም። ዳዊትም በመዝሙር 32 በደሉን ዝም ብሎ በያዘበት ጊዜ አጥንቱ ሳይቀር እንደተጎዳ ይመሰክራል። የእግዚአብሔር ቃል ዝምታን ሁሉ እንደ ትዕግሥት አይቆጥርም።

ከበርሊን የመጣው ደብዳቤ

የኦማ እናት በ1991 ሞቱ። በመጨረሻው ሳምንታቸው በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው 46 ዓመት ያልጠሩትን የሕፃኑን ስም ደጋግመው ጠሩ። ኦማም ወንድማቸው ሕልም እንዳልነበረ ያን ጊዜ አረጋገጡ። በእናታቸው የመቃብር ድንጋይ ላይ የእርሱንም ስም አስቀረጹ፤ የወደቀበትን ስፍራ ግን ማንም አያውቅም።

የአባታቸው ነገር ቀረ። በርሊን የጀርመን ወታደሮችን መዝገብ የሚይዝ ቢሮ ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ክፍል ሆኗል። ቤተሰብ ከጠየቀ ሟቹ በየትኛው ክፍል፣ መቼ፣ የት እንዳገለገለ ይነግራሉ። ኦማ ቅጹን ከመሳቢያቸው ውስጥ ለዓመታት አስቀመጡት። “አባቴን እወደዋለሁ። ደብዳቤው ቢወስድብኝስ?” ይሉ ነበር። እኛ ፍራንክፈርት ሳለን፣ በ2013፣ ሞልተው ላኩት። መልሱ ከዓመት በኋላ መጣ። በኩሽናቸው አብረን ተቀምጠን ነው የከፈቱት።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነበር። የአባታቸው ክፍል በ1941 በጋ በቤላሩስ፣ ሚንስክ አካባቢ እንደነበረ ይናገራል። በዚያ ዓመትና በዚያ አካባቢ አይሁድ ከየቤታቸው እየተወሰዱ በጉድጓድ አፋፍ ላይ ይረሸኑ እንደነበር የታወቀ ነው። ወረቀቱ ሰውዬው የት እንደነበሩ ተናገረ፤ ምን እንዳደረጉ አልተናገረም። የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም በ1984 ተቀብሯል።

ኦማ አላለቀሱም። ወረቀቱን አጥፈው፣ “አሁን ቢያንስ የማላውቀው ነገር ምን እንደሆነ አውቄያለሁ” አሉ። በዚያው ሳምንት ልጃቸውን ጠርተው አነበቡለት። በ14 ዓመቱ የጠየቀውን ጥያቄ በ49 ዓመቱ መለሱለት፤ ግማሹን ብቻ ቢሆንም።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቡና ስንጠጣ ኦማ ወደ ወንዶቹ ዞረው፣ “ልጆቻችሁ እናንተ ለምን ወደዚህ አገር እንደመጣችሁ ያውቃሉ?” ብለው ጠየቁ። በጉባኤያችን በ1977 እና በ1978 ከነበረው ቀይ ሽብር ሸሽተው የወጡ አባቶች ነበሩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ወንድም ቀስ ብሎ፣ “ለትምህርት ነው የመጣሁት ብያቸዋለሁ” አለ። ይህ ወንድም ታስሮ የተፈታ፣ ታላቅ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ለሴት ልጁ ነገራት። እርሷም፣ “አባዬ፣ ፖሊስ ባየህ ቁጥር መንገድ የምትቀይረው በእኔ ስለምታፍር ይመስለኝ ነበር” አለችው።

እንግዲህ ከኦማ የተማርሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ዝምታው የምን ዝምታ እንደሆነ ለዩ። ኀዘን ከሆነ ጊዜና አጽናኝ ይፈልጋል፤ በጥያቄ አታስጨንቁት። በደል ከሆነ ግን ቤተሰብ አቅፎ ስለሸፈነው አይነጻም። ኑዛዜ ወደ እግዚአብሔርና ወደ ተበደለው ሰው መሄድ አለበት።

ሁለተኛ፣ የሚናገር ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁ። ጥያቄው ግን እንደ ፍርድ ቤት አይሁን። “ምን አደረግህ?” ከማለት በፊት “ያኔ የት ነበርህ? ምን ትበሉ ነበር? ማንን ትፈራ ነበር?” ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ ዝም ቢሏችሁ በዚያ አታቁሙ። የኦማ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የጠየቀው።

ሦስተኛ፣ ወላጆች ሆይ፣ ለልጅ በዕድሜው ልክ ንገሩት። ሕፃን የማይችለውን ሸክም አታሸክሙት። ነገር ግን የፈጠራ ታሪክ አትስጡት። መዝሙር 78 አባቶች ለልጆቻቸው የእግዚአብሔርን ሥራ እንዲነግሩ ያዝዛል፤ የአባቶችን እልኸኝነት ግን ከታሪኩ አላወጣም። ልጅ ወላጁ ደካማ እንደነበረ ሰምቶ መውደድ ይችላል። ያላመኑትን ሰው መውደድ ነው የሚያቅተው።

አራተኛ፣ ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁ መናገር ሲጀምሩ የራሳችሁን ግድግዳ አፍርሱ። “አሁን ደግሞ ይህን ምን አመጣው?” አትበሉ፤ ሳህን ለማጠብም አትነሡ። ያ ደቂቃ ዳግመኛ ላይመጣ ይችላል።

እውነት ሲነገር ቤት ለጊዜው ሊናወጥ ይችላል፤ አይካድም። ይሁን እንጂ እኛ የምናመልከው አምላክ በብርሃን የሚኖር፣ ወደ ብርሃን የወጣውንም በልጁ ደም የሚያነጻ ነው። በሳሙና ስም የተጠራ ወረቀት ያላነጻውን እርሱ ያነጻል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ ማታ ልጆች ሲተኙ፣ ባልና ሚስት ሆናችሁ አንዳችሁ ሌላውን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ “ከመገናኘታችን በፊት የሆነ፣ እኔ የማላውቀው፣ አንተን ግን የሚያምህ ነገር አለ?” ከዚያ አትቸኩሉ፤ መልሱ እስኪመጣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። እንዲህ ያለው ዝምታ መልካም ነው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።